የክሩሺኒያኒ ታታሮች መሬታቸውን ያገኙት በሽልማት አይደለም

ቢያሊስቶክ ስለምኖር እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ክሩሺኒያኒን አሳያለሁ። ከቤላሩስ ድንበር አጠገብ ያለች ትንሽ የፖላንድ መንደር ነች። አረንጓዴው የእንጨት መስጊድ ጋ ስንደርስ "ቤተ ክርስቲያን ነው አይደል?" ይሉኛል። አይደለም። አሠራሩ የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት ስለሚመስል ነው። ቀና ብላችሁ ማማዎቹ ላይ ያለችውን ጨረቃ እዩ።

"ሙስሊሞቹ በቅርብ የመጡ ስደተኞች ናቸው" የሚሉም አሉ። እነሱ ግን ታታሮች የሚባሉ የቱርክ ዘር ሕዝብ ናቸው፤ በሊትዌንያ መስፍን በቪታውታስ ዘመን፣ ከ600 ዓመት በፊት ነው እዚህ አካባቢ የሰፈሩት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሽልማቱ ተረት ነው። የፖላንድ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪ በ1683 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ኦቶማኖችን ሲያሸንፍ ታታሮቹ ስለረዱት መንደሩን ሸለማቸው ይባላል። ባለፈው በጋ አንድ የታሪክ አስተማሪ እንግዳዬ በዚህ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከላይና ከታች ጻፍኩለት። መሬቱ የተሰጠው 1679። ጦርነቱ 1683። ዝም አለ።

ሽልማት ከድሉ አራት ዓመት ቀድሞ አይመጣም! ነገሩ የደሞዝ ጉዳይ ነው። የታታር ወታደሮች ደሞዛቸው ስለተያዘና መብታቸው ስለተነካ በ1672 አምፀው ብዙዎቹ ወደ ኦቶማን ዞሩ። በኋላ ሲመለሱም ግምጃ ቤቱ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ንጉሡ በውዝፍ ደሞዛቸው ፋንታ ከመንግሥት መሬት ቆርሶ ሰጣቸው። በእኛ ቋንቋ ማደሪያ ማለት ነው። ቪየና ላይ ታታሮች ከንጉሡ ጎን መሰለፋቸው እውነት ነው። ግን ሽልማት ስንለው የደከሙበትን ሒሳብ የንጉሥ ቸርነት እናደርገዋለን። ይሄ ግፍ ነው።

መስጊዱንም ሶቢየስኪ አላሠራውም። የአሁኑ ሕንፃ ከእሱ ሞት ብዙ ቆይቶ የተሠራ ነው። መንደሩ በሙሉ ታታር ነው ማለትም ስህተት ነው፤ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ታታርኛም አይናገሩም፤ ቋንቋቸውን ከጥንት ነው የተዉት። ኪታብ የሚሏቸው የድሮ የሃይማኖት መጻሕፍታቸው በዐረብኛ ፊደል ተጽፈዋል፤ ቋንቋው ግን ቤላሩስኛና ፖላንድኛ ነው።

ከሄዳችሁ መስጊዱን ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ። ከኋላው ጫካ ውስጥ መቃብር አለ። ረጋ ብላችሁ ግቡ፤ መቃብር ላይ አትርገጡ። ድንጋዮቹን የድንጋይ ሽበት ውጧቸዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አንዱ ድንጋይ ላይ ከዐረብኛው ሥር ሩስኛ፣ ሌላው ላይ ፖላንድኛ ታገኛላችሁ።