ቪትዝ ውስጥ ጠንካራ ስፒከር ማስገጠም፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ላስተዋለ፣ ከሚያልፉት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ሃችባክ ናቸው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ስዊፍት፣ አልፎ አልፎም ዕድሜ የጠገበች ስታርሌት። የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። ዕቃ መጫኛውና ሰው የሚቀመጥበት ክፍል አንድ አየር ይጋራሉ። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ከፋብሪካ ከመጣው በላይ የሚጮህ ሙዚቃ ማስገጠም የተለመደ ነው። የድምፁን ኃይል የሚያጎላ አምፕሊፋየር (አምፕ)፣ የበር ስፒከር፣ ከኋላ ደግሞ በሳጥን የታሰረ፣ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዝ) የሚያወጣ ሰብውፈር። አንዳንዱ ለሰርግ አጀብ ብሎ ያስገጥማል። አንዳንዱ ኮምቦልቻ ሲመላለስ መንገዱ እንዲያጥርለት ነው። ሰፈር እንዲሰማለት ብቻ የሚያስገጥምም አለ። ለእሱ ምክር መስጠት ከባድ ነው፣ ቤዙን ሳይቀንስ አይሰማማ።

አብዛኛው ገንዘብ የሚፈሰው ቤዙ ላይ ነው። ትንሽ መኪና ውስጥ ግን ከሁሉም በርካሽ የሚገኘው ቤዝ ነው። የ40 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የቪትዝ ውስጥ ደግሞ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሞገዱ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለ ውፈሩ የመኪናውን አየር በሙሉ አንድ ላይ ይጨምቃል። ድምፁ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ይህ ጭማሪ ከፍ ይላል። መስታወቶቹና ላሜራው የተወሰነውን ያስወጡታል፤ ያም ሆኖ ጥቅሙ ትልቅ ነው። በተዘጋ ሳጥን የታሰረ አንድ ባለ 10 ኢንች ውፈር ከ300 ዋት ጋር ለቪትዝ ይበቃል ባይ ነኝ። ባለ 15 ኢንቹ ሞንታርቦ ለሚፈልግ አዳራሽ ይቆይ።

ወሎ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። የእነሱ ጉልበት በሰው ድምፅና በማሲንቆ ላይ ነው። መንዙማም ቢሆን ከበሮው ይምታ እንጂ የሚደመጠው ቃሉ ነው። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከ200 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ይህን ክልል የሚያወጣው የበር ስፒከር ነው። የኋላው ሳጥን እዚያ ሥራ የለውም። ከኋላ ግዙፍ ውፈር ከፊት ደግሞ ፋብሪካው የሰጠው የወረቀት ስፒከር ያለበት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከበሮውን ይሰማል፤ ግጥሙን ግን ይገምታል።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቴፑ ነው። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ የወጣች መኪና ናት። በቀጥታ ከጃፓን ገበያ የመጣች ከሆነች ሬዲዮዋ በአብዛኛው የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የእኛ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ ሙዚቃ ባያምረውም አንድሮይድ ስክሪን ያስገባል። የስክሪኑ ካርቶን ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የጫፍ ቁጥር ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ አምፕ ሳትንተባተብ በአንድ ቻናል የምታወጣው 20 ዋት ገደማ ነው። ሲገዛ የሚጠየቀው አርኤምኤስ የሚባለው፣ ያለማቋረጥ የሚወጣው ዋት ነው። ዋትን እጥፍ ማድረግ ራሱ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። ይህም 10 እጥፍ ዋት ነው። 300ውን በ600 የቀየረ ሰው ልዩነቱ በደንብ የሚታወቀው ኪሱ ላይ ነው።

የበር ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓነሉ ሲነሳ ከሥሩ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ብዙ ገጣሚ ይህን ቀዶ ይጥለዋል። ላስቲኩ ግን ለዝናብ ነው። ውሃ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ ይወርዳል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ላስቲኩ ከሌለ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ደሴ ላይ ሐምሌ ሲገባ ምንጣፉ ይረጥባል፣ መኪናዋም መሽተት ትጀምራለች። ስፒከሩ ከመታሰሩ በፊት ደግሞ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ መለካት ያስፈልጋል። ወፍራም ማግኔት ያለው ስፒከር ከመስታወቱ ጋር ይጋጫልና። ክፍተት ለመፍጠር ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) የተቆረጠ ቀለበት ከሥሩ ይገባል። ቀለም ካልተቀባ ግን በአንድ ክረምት አብጦ ይፈራርሳል።

የበሩ ላሜራ ቀጭን ስለሆነ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ የተሠራ የቡታይል ጎማ ንጣፍ አለ። ዋጋው የከበደበት ሰው የጣሪያ ሬንጅ ቆርጦ ይለጥፋል። ደሴ ብርድ ላይ ለጊዜው ይይዛል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ግን ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ለቆ በሩ ውስጥ ይከመራል። ከሁሉም ይልቅ የሚያናድደው ግን ታርጋው ነው። ቤዝ በመጣ ቁጥር የኋላ በሩ ላይ ይንጫጫል። ከጀርባው ትንሽ ስፖንጅ ቢገባ ነገሩ ያልቃል።

ፕላስና ማይነስ መገልበጥም የተለመደ ስህተት ነው። የአንዱ በር ስፒከር ገመድ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይሻራሉ፣ ድምፁም ይሳሳል። ያልተጻፈበት ስፒከር ከገጠመ በ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ነካ ይደረጋል። የባትሪው ፕላስ ከስፒከሩ ፕላስ ከተገናኘ ኮኑ ወደ ውጭ ይወጣል።

አደጋ ያለው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁ 14 አካባቢ ነው። 500 ዋት የሚያወጣ፣ ክላስ ዲ የሚባለው ብዙ ኃይል የማያባክን አምፕ ከሚስበው ኃይል ወደ ድምፅ የሚቀይረው 80 በመቶ ያህሉን ነው። ስለዚህ ጫፍ ላይ ሲደርስ 45 አምፔር ገደማ ይስባል። የትንሽ መኪና አልተርኔተር ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 100 አምፔር ነው። እሱም ሞተሩ ሲፈጥን እንጂ በሚኒሞ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ተሰልፎ የቆመ፣ የፊት መብራትና መጥረጊያ ያበራ ሰው ቤዝ በመታ ቁጥር መብራቱ ደብዘዝ ሲል ያያል። ያ አልተርኔተሩ እንዳልቻለ ይናገራል። ሞተር አጥፍቶ ማድመጥ ደግሞ የባሰ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋቷም ቀዝቃዛ ነው። ማታ የተመጠጠ ትንሽ ባትሪ ጠዋት ሞተር አያስነሳም። ማንዋል መኪና ይዞ ቁልቁል መንገድ ያለበት ሰፈር የሚኖር ብቻ ነው አንደርድሮ አስነስቶ የሚተርፈው።

ገመዱ ከባትሪ ተነስቶ እስከ ኋላ ይሄዳል። ለዚህ መጠን 21 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ 4 ጌጅ የሚባለው ይመረጣል። ገበያ ላይ ግን በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሞልቷል። በቢላ ጫር ሲደረግ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። በተመሳሳይ ውፍረት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹህ መዳብ አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። አምፑ አጠገብ ብቻ ከተቀመጠ ከባትሪ እስከ ኋላ ያለው ገመድ በሙሉ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ካልተደረገለት፣ ስለታሙ ላሜራ በንዝረት ቀስ እያለ ሽፋኑን ይበላዋል። ወሎ መንገድ ላይ ንዝረት አይጠፋም። አንድ ቀን ከላሜራው ጋር ሲነካካ፣ ፊውዝ ከሌለ ገመዱ ይግላል፤ ቀጥሎ ክሩስኮቱ ሥር እሳት ነው። ማሳውም (የማይነሱ ገመድ) የሚታሰረው ቀለሙ ተፍቆ እርቃኑን በወጣ ብረት ላይ ነው።

ሳጥኑን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ የቤት ዕቃ ሠራተኛ ይሠራዋል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ጥሩ ማጣበቂያ፣ መጋጠሚያው ላይ ሲሊኮን። ለ10 ኢንች ውፈር የተዘጋ ሳጥን ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃዋል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የበለጠ ይጮሃል፤ ግን እጥፍ ያህል ቦታ ይበላል። ውፈሩ፣ ሳጥኑና አምፑ ተደምረው 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። 1,000 ሲሲ ሞተር አራት ሰው ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 600 ሜትር ያህል ሲወጣ ይህ ይታወቀዋል። ሳጥኑ ሳይታሰር ከተቀመጠ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመጣል። በብሎን ወለሉ ላይ ለማሰር ግን መጀመሪያ ከሥር ማየት ይገባል። ብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች የነዳጅ ታንካቸው ከኋላ ወንበር በታች ነው። ቦታ ለማግኘት ትርፍ ጎማውን ቤት የሚተውም አለ። ከወልድያ ወደ ላሊበላ ለሚወጣ ሰው ይህን አልመክርም።

አምፑ ላይ ጌይን የሚል ማስተካከያ አለ፤ ብዙ ሰው እንደ ቮልዩም አይቶት እስከ ጥግ ያዞረዋል። ያኔ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ መጀመሪያም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ይቃጠላል። ከትዊተሩ ቀጥሎ ጆሮ ነው። የ85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከደሴ ኮምቦልቻ ለመድረስ እንኳ አይበቃም።

አሁን ነገሩ በሌላ በኩል እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያሉ የኤሌክትሪክ ሃችባኮች እየበዙ መጡ። እነዚህ አልተርኔተር የላቸውም። 12 ቮልቱን የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ መቀየሪያ ነው። ሞተር ስለማይጮህ ዝቅተኛ ድምፅም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ለአምባሰል የተመቸ ነው። ስክሪኑ ግን የመኪናዋን ብዙ ነገር ስለሚያዝ እንደ ቪትዝ ቴፕ ነቅሎ መጣል አይቻልም። ወደ አምፑ የሚሄደው የድምፅ ሲግናል ከፋብሪካው የስፒከር ገመድ ላይ ለድምፅ በተሠራ ሌላ መቀየሪያ ይወሰዳል። የአምፑ ኃይል ከ12 ቮልቱ ባትሪ በፊውዝ ይሳባል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማሉ፤ ስፒከር ሊገጥም የመጣ ሰው በእነሱ አጠገብ አይቆፍርም፣ አይበሳም።