በአጭር ልቦለድ ጥናት «ሴራ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር «ሴራ» በስውር የሚጠነሰስ ተንኮል ስለሆነ፣ «የልቦለዱን ሴራ አብራራ» የተባለ ጀማሪ ተማሪ ክፉ ገጸ ባሕርይ ፍለጋ ቢገባ አይፈረድበትም። በሥነ ጽሑፍ ግን ሴራ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚተሳሰሩበት ውቅር ሲሆን፣ ታሪክ የምንለው ምን ከምን ቀጥሎ እንደተፈጸመ የሚያሳየውን የድርጊቶች ቅደም ተከተል ነው።

«ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ልጁ ከተማ ገባ» ብንል ታሪክ ብቻ ተናገርን። «ገበሬው ልጁን ከተማ ልኮ ለማስተማር በሬውን ሸጠ፤ የሚያርስበት ስላጣም መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠ፤ ልጁ ይህን ሲሰማ ትምህርቱን ጥሎ ተመለሰ» ስንል ግን አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ ስለሚሄድ ሴራ ተገኘ። ደራሲው ከልጁ መመለስ ጀምሮ በምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ በመተረክ፣ ወደ በሬው ሽያጭ ቢወስደን እንኳ፣ የሚለወጠው የአተራረኩ ቅደም ተከተል እንጂ የምክንያቱ ሰንሰለት አይደለም። ስለዚህ ስለ ሴራ የተጠየቀ ተማሪ ልቦለዱን አሳጥሮ ቢተርክ ጥያቄውን አልመለሰም፤ እያንዳንዱ ድርጊት ለምን እንደተከሰተ ማሳየት አለበት።

ከሴራ ሌላ ካሉት የልቦለድ ጥናት ቃላት መካከል መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ብዙም አያስቸግርም፤ «መቼ» እና «የት» ተዋሕደው የፈጠሩት ቃል በመሆኑ ትርጉሙን ራሱ ይናገራል። ጭብጥ፣ ማለትም ልቦለዱ ስለ ጉዳዩ የሚያስተላልፈው ዋና ሐሳብ፣ ግን ከርዕሰ ጉዳይ ጋር ዘወትር ይምታታል። በምሳሌያችን ድህነት ርዕሰ ጉዳይ ሲሆን፣ ጭብጡ የወላጅ መሥዋዕትነት ለልጁ ሊሸከመው የማይችል ዕዳ ሊሆንበት እንደሚችል የሚገልጸው ሐሳብ ነው።