«የሮሌክስ ኮፒ ነው» ለምትሉኝ ሁሉ፦ ስለ ጠላቂ ሰዓቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰዓት በመጠገን እንጀራውን የሚበላ ሰው ጠዋት ማታ የሚሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ይህ እኮ የሮሌክስ ኮፒ ነው!» ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ የሰዓቱ ባለቤት እንኳ አይደለም። የራሱ ሰዓት ባትሪ እስኪቀየርለት አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ደንበኛ ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ዙሪያው የሚዞር ቀለበት ያለው ሰዓት፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች የተሠራው ጠላቂ ሰዓት ሁሉ፣ ለእሱ ከአንድ ቤት የተሰረቀ ነው። «ሆሜጅ» የሚባሉት፣ የታወቀ ሰዓትን መልክ ወስደው በራሳቸው ስም የሚሸጡት ሰዓቶች ከበዙ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ብሶበታል። እንግዲህ አንድ በአንድ እንሂድ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጠላቂ ሰዓትን መልክ የፈጠረው ሮሌክስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀድቶ ነው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህኛው ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

በ1952 ፈረንሳይ የውጊያ ዋናተኞች ክፍል ስታቋቁም፣ ሮበር ማሉቢየ እና ክሎድ ሪፎ የተባሉ መኮንኖች ለሰዎቻቸው የሚሆን ሰዓት አጥተው ይፈልጉ ነበር። የሚፈልጉትን ጠንቅቀው ያውቃሉ፦ ጥቁር ፊት፣ በጨለማ የሚያበሩ ትልልቅ ምልክቶች፣ ጠላቂው ውኃ ውስጥ የገባበትን ደቂቃ የሚይዝ ተሽከርካሪ ቀለበት። ብላንፓን የተባለውን የስዊዘርላንድ ኩባንያ ይመራ የነበረው ዣን-ዣክ ፊሽቴር ደግሞ ራሱ ጠላቂ ነበርና በበኩሉ ያንኑ ያስብ ነበር። ውጤቱ በ1953 የወጣው «ፊፍቲ ፋቶምስ» ነው፤ ስሙ 91 ሜትር ገደማ የሚሆን ጥልቀትን ይጠራል። ዞዲያክ የተባለው የሰዓት ኩባንያም በዚያው ዓመት «ሲ ዎልፍ» የተባለውን ሰዓቱን ይዞ ብቅ አለ። «ሰብማሪነር» የተባለው የሮሌክስ ጠላቂ ሰዓት የልደት ዓመትም ያው 1953 ነው፤ ለሕዝብ የታየው በ1954ቱ የባዝል የሰዓት ትርኢት ላይ ነው። እስቲ ማን ከማን ቀዳ?

ሦስት ቤቶች አንድ ችግር ቀርቦላቸው ተቀራራቢ መልስ ሰጡ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጠላቂ የሚጨነቀው ለደቂቃ ነው፤ አየሩ የሚያልቀው በደቂቃ ነውና። ስለዚህ ሊገባ ሲል የቀለበቱን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ የሚጠቁመው ቁጥር ያለፈውን ጊዜ ይነግረዋል። በዛሬዎቹ ሰዓቶች ቀለበቱ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ዓለት ነክቶ ቢያንቀሳቅሰው ያለፈው ጊዜ በዝቶ ይታያል እንጂ አያንስም፤ ሰውየው ያለጊዜው ይወጣል፣ በሕይወት ግን ይወጣል። ይህን ዝርዝር ይዛችሁ ሰዓት ሥሩ ብትባሉ እናንተም ከዚያው መልክ ብዙም አትርቁም።

ደግሞስ «ኦሪጅናሉ» የትኛው ነው? የመጀመሪያዎቹ ሰብማሪነሮች ቆጣሪዎች ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ነበሩ፤ የመርሴዲስ ምልክት የሚመስለው የሰዓት ቆጣሪ በኋላ የመጣ ነው። የሰዓቱን መሙያ ግራና ቀኝ የሚጠብቁት ትከሻዎች በ1959 ታከሉ። የቀን ማሳያውና በላዩ ያለው አጉሊ መስታወት ሰብማሪነር ላይ የታዩት ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የ1953ቱን እውነተኛ ሰዓት ባሳየው፣ ያ ባትሪ የሚጠብቀው ሰውዬ «ይህማ ኮፒ ነው» እንደሚለኝ አልጠራጠርም።

ምስክር ልጥራ። አንድ ወጣት፣ መርከበኛ የነበሩትን የሟች አባቱን ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፎርጅድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለመታሰቢያ ያህል ብቻ ይሥራልኝ» አለኝ። ፊቱ ላይ «ቱዶር» ተብሎ ተጽፏል፤ መሙያው ላይ ግን የሮሌክስ ዘውድ ተቀርጿል፤ የኋላ ክዳኑም ሮሌክስ ይላል። ልጁ አጭበርባሪው ተሳስቶ ሁለት ስም ቀላቅሏል ብሎ ደምድሟል። ነገር ግን ቱዶርን ያቋቋመው የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ራሱ ነው። ኩባንያው ከ1954 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የሮሌክስን ቀፎና መሙያ እየተጠቀመ የራሱን ሰብማሪነር ሠርቷል፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልም ደንበኛው ነበር። ሰዓቱ ከላይ እስከ ታች ትክክለኛ ነበር። የልጁ አክስት «ኮፒ ነው» ብለው ለግቢው ጥበቃ ሊሰጡት ነበር አሉ።

«ሆሜጅ ማለት ፎርጅድ ማለት ነው»

ፎርጅድ ስም ይሰርቃል፤ ፊቱ ላይ ያልሆነውን ጽፎ ገዢውን ያታልላል። የጀርመኑ ሽታይንሃርት ወይም የቻይናው ሳን ማርቲን ግን የራሱን ስም ጽፎ ይሸጣል። ኢንቪክታማ «ፕሮ ዳይቨር» የተባለው ሰዓቱ ላይ ስሙን በቀፎው ጎን ሳይቀር በትልቁ ቀርጾታል፤ ማንን ሊያታልል?

ይህን ስል ግን ለሆሜጅ ሁሉ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ጥቁር ፊትና የሚዞር ቀለበት የሥራ ዕቃ ናቸው፤ ማንም ይውሰዳቸው። አጉሊ መስታወቱን፣ የመርሴዲሱን ቆጣሪ፣ የፊደሉን ቅርጽ ሳይቀር እንዳለ ገልብጦ ስም ብቻ መቀየር ግን ስንፍና ነው። ወንጀል አይደለም፤ ስንፍና ነው።

«ሕግ ይከለክለዋል»

የቅርጽ ጥበቃ ዕድሜ አለው። በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበ ንድፍ ቢበዛ 25 ዓመት፣ በአሜሪካ የንድፍ ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፤ የ1953 ቅርጽ ከዚህ ሁሉ ወጥቷል። ዕድሜ የማይገድበው በየጊዜው የሚታደስ የንግድ ምልክት ነው፦ ስሙ፣ ዘውዱ። አንዳንዴ ቅርጹ ራሱ እንደ ምልክት ይጠበቃል። ሃንስ ሂልፊከር በ1944 የነደፈውን የስዊስ ባቡር ጣቢያ ሰዓት አፕል በ2012 አይፓድ በተባሉት ታብሌቶቹ ላይ ሳያስፈቅድ ቢያወጣው፣ በኋላ ከባቡር ድርጅቱ ጋር የፈቃድ ስምምነት ለመፈራረም ተገዷል።

«ታላላቆቹ ብራንዶች የድሮን አይቀዱም»

ከራሳቸው መሳቢያ ይቀዳሉ። ሎንጂን በ2007 «ሌጀንድ ዳይቨር» ብሎ ያወጣው የ1959 ሰዓቱን ነው። የ2012ቱ የቱዶር «ብላክ ቤይ» ደግሞ የ1950ዎቹን ትልቅ መሙያ ከ1969 ወዲህ ከመጣው ባለ አራት ማዕዘን ቆጣሪ ጋር አጋባ፤ ድሮ እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረም። መልኩ አሮጌ፣ ልደቱ አዲስ። ሰዎች ይህን «ቅርስ» ሲሉት፣ ሌላው ሲሠራው «ስርቆት» ይሉታል።

«ርካሽ ሆሜጅ ውስጡ ቆሻሻ ነው»

ብዙዎቹ የያዙት የጃፓኑ ሴይኮ ለሌሎች የሚሸጠውን ኤንኤች35 ማሽን ነው፤ ፍትጊያ የሚቀንሱ 24 ድንጋዮች፣ 41 ሰዓት የሚቆይ ሙሌት፣ በየትኛውም ጠረጴዛ የሚጠገን።

«ቢጫ ያለ ምልክት የዕድሜ ማስረጃ ነው»

ድሮ የሚያበራው ቀለም ራዲየም፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ትሪቲየም ነበረው፤ ሁለቱም ጨረር አመንጪ ናቸው። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የ1970ዎቹ ሰዓት ዛሬ እምብዛም አያበራም። ምልክቱ የቅቤ ቀለም ይዞ በጨለማ እንደ ባውዛ የሚያበራ ከሆነ ዘመናዊ ቀለም ነው፤ ወይ ሰዓቱ አዲስ ነው፣ ወይ ፊቱ እንደገና ተቀብቷል። ሻጩ «የአያቴ ነው» ቢላችሁ መብራት አጥፉና እዩት። የራዲየም ዘመን ሰዓት ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱት፤ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

«200 ሜትር ተብሎ ስለተጻፈ ውኃ አያስገባም»

አይሶ 6425 የተባለው የጠላቂ ሰዓት መለኪያ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት እንዲፈተን ያዛል። ፈተናው የተደረገው ግን ሰዓቱ አዲስ ሳለ ነው። ውኃ የሚከለክለው ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ጎሚኒ ነው፤ ጎሚኒ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጥቂት ያወቁ ሰዎች «እጅ ሲወናጨፍ ግፊቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል» እያሉ ያስፈራራሉ። ይህም ተረት ነው፤ እጃችሁን በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት ብታንቀሳቅሱ የሚጨመረው ግፊት የ1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያህል እንኳ አይሞላም።

የምፈራው ሙቀትን ነው። ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ ሰዓቱን አስሮ ገብቶ፣ ወጥቶ ቀዝቃዛ ሻወር የሚወስድ ሰው ይመጣልኛል፤ መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁ ቀፎውና ጎሚኒው እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይኮማተሩም። እባካችሁ፣ የኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጎሚኒው ይታይ፤ የምትዋኙ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ በግፊት መፈተሻ ይፈተን። መሙያው በጥርስ የሚታሰር ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት መታሰሩን በጣታችሁ አረጋግጡ። ከባሕር ስትወጡ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ቀለበቱንም እያዞራችሁ፣ ጨውና አሸዋ ሥሩ ይቀመጣልና። መስታወቱ ካላበ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት፣ በፀጉር ማድረቂያም አትንፉበት፤ በዚያው ቀን ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። የባሕር ውኃ ገብቶበት ሳምንት ያደረ ማሽን ሲመጣልኝ ብሎኑ እንኳ አይፈታም።