መጻተኛ ማለት ምንድን ነው? የውጭ ሰው ሁሉ መጻተኛ አይደለም

የስደተኛ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥቅስ አይጠፋም፤ መጻተኛውን ውደዱ፣ እናንተም በግብፅ መጻተኞች ነበራችሁ የሚለው። ዘዳግም 10 ላይ አለ፣ ክርክር የለኝም። ከዚያ ተነስቶ «የሙሴ ሕግ አገሬውንና የውጭውን ሰው አይለይም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ይህንኑ አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰማሁ። ሌላው ደግሞ ተነስቶ «እንዲያውም ሕጉ የውጭውን ሰው በወለድ ያስበላው ነበር» ይላል። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው።

ሕጉ እስራኤላዊ ያልሆነውን ሁሉ በጅምላ አያይም። መጻተኛ አለ፣ ባዕድ አለ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንዳንዴ ሁለቱንም «እንግዳ» ስለሚላቸው ነገሩ ይምታታል። መጻተኛው ወገንና ርስት በሌለው አገር ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ነው። ባዕዱ አገሩ ሌላ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል።

ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ አስቡ። ካርታው ላይ ስሙ የለም። ማታ በሩ ሲዘጋ ግን እሱም ውስጥ ነው። የግቢው ደንብ ይይዘዋል፣ ውሃ ሲመጣ እሱም ይቀዳል፣ ድግስ ሲኖር ይጠራል። ባዕዱ በር አንኳኩቶ ሸቀጥ የሚሸጠው ነው። ይገበያዩታል፣ ይሸኙታል። ደግሞ ተከራይ ሁሉ ድሃ አይደለም፤ ከባለቤቱ የተሻለ የሚያገኝም አለ። ዘሌዋውያን 25 ሀብታም ስለሆነ መጻተኛና ከድህነት የተነሳ ራሱን ስለሸጠለት እስራኤላዊ ይደነግጋል። ምሳሌዬ የሚያነክሰው ኪራይ ላይ ነው። መጻተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ጉልበቱን ሸጦ ነው፤ ለዚህ ነው ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ፣ መጻተኛም ቢሆን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው የሚለው።

ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ማየት የሚፈልግ ዘዳግም 14፥21ን ያንብብ። ጉዳዩ በክት ነው። እስራኤላዊ አይበላም። ለመጻተኛው ግን በነጻ ይሰጣል፤ ለባዕዱ ይሸጣል። በአንዲት የሞተች ከብት ላይ ሦስት ዓይነት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ሕግ! «አይለይም» ያለው ሰውዬ ይህን ቁጥር እንዴት እንደዘለለው አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የሕግ ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ድምፅ የላቸውም። ዘሌዋውያን 17 በክት የበላ አገሬም ሆነ መጻተኛ ልብሱን ይጠብ፣ እስከ ማታም ርኩስ ነው ይላል። ዘዳግም በነጻ ስጡት ያለውን ማለት ነው። ዘሌዋውያን የሚጨነቀው ለምድሪቱ ንጽሕና ነው፤ በምድሪቱ ላይ የሚኖር ሁሉ ያገባዋል። ዘዳግም የሚያየው በአብዛኛው ችግረኛውን ነው። መጻተኛውን ከድሃ አደጉ፣ ከመበለቲቱና ከሌዋዊው ጋር ደጋግሞ ይጠራዋል። እነዚህ ሰዎች የሚመሳሰሉት ከጀርባቸው መሬት የያዘ አባወራ ስለሌለ ነው። እርሻ ላይ የተረሳው ነዶ፣ በየሦስት ዓመቱ የሚወጣው አሥራት የሚደርሳቸውም ለዚህ ነው።

«ለአገሬውና ለመጻተኛው አንድ ሕግ ይሁን» የሚለውስ? ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች የት ቦታ እንደተባለ ቢያዩ ደስ ይለኛል። ዘጸአት 12 ላይ የተባለው ስለ ፋሲካ ነው፤ መጻተኛው መብላት ከፈለገ ይገረዝ፣ ባዕዱ ግን አይብላ ተብሎ። ዘሌዋውያን 24 ላይ የተባለው ደግሞ አባቱ ግብፃዊ የሆነ ሰው የእግዚአብሔርን ስም ሰድቦ በድንጋይ ሊወገር ሲል ነው። አንድ ሕግ ማለት ጥበቃው ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱም አንድ ነው።

ወለዱን ለሚያነሳው ሰው ደግሞ፦ ዘዳግም 23 ወለድ የፈቀደው ከባዕዱ ነው። ለወንድም በወለድ ማበደር የተከለከለው ብድሩ በአብዛኛው የተራበ ጎረቤት የነፍስ ማቆያ ስለነበር ነው። ብዙ ምሁራን ባዕዱን የሚያዩት ነጋዴ አድርገው ነው፤ የእሱ ብድር ትርፍ ፍለጋ ነው። መጻተኛውን ግን ዘሌዋውያን 25 ከደኸየው ወንድም ጎን ስለሚያነሳው፣ እሱን በወለድ ለመጫን ሕጉ ሽፋን አይሆንም።

የሕግ መጽሐፍ የፍርድ ቤት መዝገብ አለመሆኑም አይረሳ። ኤርምያስ፣ ሕዝቅኤልና ሚልክያስ መጻተኛው ተበደለ ብለው የሚጮኹት ሕጉ በየደጁ ይፈጸም ስለነበር አይደለም።

መጻተኛ የተባለው በዕብራይስጡ «ጌር» ነው። በኋላ ዘመን ረቢዎቹ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ ይህን ቃል ወደ አይሁድነት ለገባ ሰው አዋሉት። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አሳምረው የሚያውቁት «ጊዩር»፣ ወደ አይሁድነት የመግቢያው ሥርዓት፣ የመጣው ከዚሁ የዕብራይስጥ ሥር ነው። ያን ትርጉም ወደ ኋላ ወስዶ በክት በነጻ በተሰጠው ሰው ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም።