ሹመት የንጉሥ፣ ርስት የዘር፦ ስለ ጥንቱ ማዕረግና ውርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች

“ራስ ማለት የእኛ አገር ዱክ ነው” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለማስረዳት ስለሚቀል ማንም ይለዋል። ግን ከቃሉ ጋር የአውሮፓ የውርስ ሥርዓት አብሮ ሾልኮ ይገባና የራሳችንን ታሪክ ያጣምመዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ የእኛ ሥርዓት በራሱ መንገድ የተሠራ ነውና። እስቲ ከ1270 እስከ 1540 ባለው ዘመን ላይ እናተኩር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር”

ማዕረግ ሹመት ነው። ሹመት ደግሞ የንጉሡ ነው፤ ይሰጣል፣ ይነሣል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ይህንኑ ኑሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አባቱ ጸሐፌ ላም (የአገር ገዢ) ወይም ብሕት ወደድ (የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ባለሥልጣን) ስለነበረ ብቻ ልጁ በዚያው ስም አይጠራም። በእርግጥ የትልቅ ሰው ልጅ ንጉሡ ዘንድ ቶሎ ይታወቃል፤ የመሾም ዕድሉም ይሰፋል። ያ ግን ዕድል እንጂ መብት አልነበረም።

በገባር አገሮች ነገሩ ይለያል። እንደ ሐዲያ ባሉት፣ ገራድ የሚባለው ገዢ ከአካባቢው የገዢ ቤተሰብ ይነሣ ነበር። እሱም ቢሆን የንጉሡ ይሁንታ ያስፈልገዋል።

“ጉልት የተሰጠው ሰው የመሬቱ ባለቤት ይሆናል”

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በአንድ መሬት ላይ ሁለት መብት ተደራርቦ ይኖር ነበር።

አንደኛው ርስት ነው። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አባት አለ፤ የእሱ ዘር ነኝ ብሎ ማስረዳት የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ዘሩ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በእናቱ በኩል ሌላ ቀበሌ ውስጥ ርስት ሊኖረው ይችላል። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉልት ነው። ንጉሡ ለሹሙ ደሞዝ በገንዘብ አይከፍልም፤ በምትኩ የአንድ አገር ግብር ይሰጠዋል። ባለጉልቱ ከገበሬው ግብር ይቀበላል፣ ሙግት ይዳኛል። ሲሻር ወይም ሲሞት ግን ጉልቱ ወደ ንጉሡ ይመለሳል። ገበሬው ርስቱ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ግብር ተቀባዩ ነው።

ለገዳማት የተሰጠ ጉልት ከዚህ ይለያል። ለዘለቄታው እንዲሆን ታስቦ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜም በገዳሙ ወንጌል ላይ ከውግዘት ጋር ይጻፋል። የሚደፍረው እንዲረገም ማለት ነው። ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስተ ጉልት የሚባልም ነበር። እሱን ከተራው ጉልት ጋር መቀላቀል ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

“ሴቶች ከሥልጣንም ከመሬትም የራቁ ነበሩ”

ርስት ለሴት ልጅም ይደርሳል፤ ከላይ ያየነው የእናት ዘር ያለ እሱ ትርጉም አይኖረውም። ሹመትም ቢሆን ለሴት ዝግ አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ትግራይን፣ አንጎትንና ኢፋትን ጨምሮ ብዙ አገሮችን በቤተሰቡ ሴቶች እጅ አስቀምጦ ነበር፤ ኋላ ግን ሻራቸው። የሐዲያው ገራድ ልጅ ንግሥት እሌኒ ደግሞ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራት። የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችውም እሷ ናት።

“ዙፋኑ የበኩር ልጅ ነበር”

ቢሆን ኖሮ የዐፄ ዳዊት አራት ልጆች ሊነግሡ አይችሉም ነበር። ቴዎድሮስ፣ ይስሐቅ፣ ሕዝብናኝና ዘርዐ ያዕቆብ ሁሉም ነገሡ፤ በመሃል የልጅ ልጆችም ለአጭር ጊዜ ዙፋኑን ይዘዋል። በ1270 ሥርወ መንግሥቱን ከጀመረው ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ ሊነግሥ ስለሚችል፣ መሳፍንቱ እንዳያምፁ አምባ ግሸን ላይ ይታሰሩ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ባለሥልጣናቱ ከታሰሩት መካከል አንዱን ከአምባው አውርደው ያነግሣሉ። ዘርዐ ያዕቆብም ሆነ በ1494 የነገሠው ናዖድ ከዚያ ነው የመጡት። ግሸን በኢማም አሕመድ ጦር ከተያዘ በኋላ፣ በጎንደር ዘመን ይኸው ልማድ ወኅኒ በሚባል ሌላ አምባ ቀጠለ። ዛሬ ወህኒ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ስም ነው።