የለቀቀ የታካሚ መከታተያ ሴንሰርን መለየት

የሞኒተር ገመድ ሲበጠስ ወይም ሶኬቱ ሲነቀል ማወቅ ቀላል ነው፤ መስመሩ ይቋረጣል፣ ማሽኑም ወዲያው ይጮኻል። አስቸጋሪው ገመዱ ደህና ሆኖ ሴንሰሩ ከቆዳ ሲላቀቅ፣ በተለይም ግማሹ ለቆ ግማሹ እንደተለጠፈ ሲቀር ነው። ያኔ ሞኒተሩ ቁጥር ማሳየቱን አያቆምም፤ የሚያሳየው ግን የታካሚውን ሁኔታ ላይሆን ይችላል።

የልብ ኤሌክትሪክ ሞገድን በሚከታተለው ኢሲጂ፣ ሞኒተሩ ቆዳ ላይ በሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች በኩል በናኖአምፒር የሚለካ እጅግ አነስተኛ ጅረት ያሳልፋል። ኤሌክትሮዱ ከተነቀለ ጅረቱ መመለሻ ያጣል፤ የማጉያው መግቢያ ቮልቴጅም ወደ መጨረሻው ጫፍ ይሄድና «ሊድ ኦፍ» (ኤሌክትሮድ ለቋል) የሚል መልእክት ይመጣል። ኤሌክትሮዱ ሥር ያለው ጅረት አስተላላፊ ጄል እየደረቀ ሲሄድ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም። የኤሌክትሮዱ ሬዚስታንስ 100 ኪሎ ኦም ቢደርስና የሚያልፈው ጅረት 10 ናኖአምፒር ቢሆን፣ የሚፈጠረው ቮልቴጅ 1 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ማጉያው ደግሞ እስከ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ የኤሌክትሮድ ቮልቴጅ ችሎ እንዲሠራ ስለሚጠበቅ፣ 1 ሚሊቮልት ምንም አያስደነግጠውም። አንዳንድ ሞኒተሮች ከኢሲጂ በላይ በሆነ ፍሪኩዌንሲ ተለዋዋጭ ጅረት እየላኩ ኢምፒዳንሱን፣ ማለትም ለዚህ ጅረት ያለውን ተቃውሞ፣ ይለካሉ፤ እነዚህ ቀስ በቀስ የሚመጣውን መላቀቅም ሊያዩ ይችላሉ። በሌሎቹ ላይ ምልክቱን የሚያየው ሰው ነው፦ መነሻ መስመሩ ይዋዥቃል፣ ከመብራት መስመር የመጣ የ50 ወይም 60 ኸርዝ ንዝረትም ሞገዱን ያወፍረዋል።

የትኛው ኤሌክትሮድ እንደለቀቀ ለማወቅ የጠፉትን ሊዶች፣ ማለትም በኤሌክትሮዶች መካከል የሚነበቡትን ሞገዶች፣ ማየት ይበቃል። የቀኝ እጁ ከለቀቀ ሊድ 1 እና 2 ይጠፋሉ፣ ሊድ 3 ይቀራል። የግራ እጁ ከለቀቀ የሚቀረው ሊድ 2 ነው፤ የግራ እግሩ ከሆነ ሊድ 1። የደረት ኤሌክትሮድ ሲለቅ የራሱ ሊድ ብቻ ይጠፋል። ሁሉም ባንድ ላይ ከተበላሹ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀኝ እግር ማጣቀሻ ኤሌክትሮዱ ነው። ቀለም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በአንዱ ሥርዓት አረንጓዴው የግራ እግር ሲሆን በአሜሪካው የቀኝ እግር ነው፤ ጥቁሩም እንዲሁ በአንዱ የቀኝ እግር፣ በሌላው የግራ እጅ ነው።

ኤሌክትሮድ ያለጊዜው የሚለቀው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ስለሚለጠፍ ነው። ፀጉር ካለ ይከረከማል፤ ቆዳው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ በጋዝ ጨርቅም (በቁስል መጥረጊያ ስስ ጨርቅ) ቀለል ተደርጎ ይፈተጋል። አልኮል ብቻውን ቆዳውን ስለሚያደርቅ አይመከርም። ሽቦው ከኤሌክትሮዱ ጋር የሚገጠመው ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ መሃሉን መጫን ጄሉን ወደ ማጣበቂያው ይገፋዋል። ገመዱ በራሱ ክብደት እንዳይጎትት ጠምዘዝ ተደርጎ በፕላስተር ይያዛል።

መስመሩ ቀጥ ሲል ቀድሞ የሚታየው ታካሚው ነው፦ ይመልሳል ወይ? ይተነፍሳል? የልብ ምቱስ ይዳሰሳል? በጣት ላይ የደም ኦክስጅንን የሚለካው የፐልስ ኦክሲሜትር ሞገድ በደንብ እየመታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሮዱ ያደላል፤ ይህ ግን ታካሚውን መመርመርን አይተካም።

ፐልስ ኦክሲሜትር 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይና 940 አካባቢ ያለ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ሙሉ በሙሉ ሲወልቅ የሚመታ ሞገድ ስለሌለ ማሽኑ ሴንሰሩ እንደወጣ ይረዳል። ክሊፑ ሲንሸራተት ግን ከፊሉ ብርሃን በጣቱ ዳር አልፎ በቀጥታ መቀበያው ላይ ያርፋል። የእንቅስቃሴ ንዝረት ሲታከልበት ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ይዋዥቃሉ፤ የንዝረታቸው ንጽጽር ወደ 1 ሲጠጋ ማሽኑ 85 በመቶ አካባቢ ያነባል። ስለዚህ በደከመ ሞገድ ላይ 85 አካባቢ ተተክሎ የቀረ ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን መጠን) ሲታይ፣ ታካሚውን እያዩ ክሊፑንም መፈተሽ ተገቢ ነው። የኦክሲሜትሩ የምት ቁጥር ከኢሲጂው ጋር ካልገጠመ ጥርጣሬው ይጠናከራል። የአዋቂ ክሊፕ ለሕፃን ጣት ማድረግ ይህን ስህተት መጋበዝ ነው።

ከሁሉም የከፋው፣ ለጨቅላ ሕፃን ማሞቂያውን ራሱ የሚያዝዘው የቆዳ ሙቀት ሴንሰር ነው። ውስጡ ያለው ቴርሚስተር (ሙቀት የሚለካው ክፍል) ከቆዳ ሲላቀቅም የኤሌክትሪክ መስመሩ አይቋረጥም፤ የአየሩን ሙቀት ማንበብ ይጀምራል እንጂ። ኢንኩቤተሩ (የሕፃኑ ማሞቂያ ሣጥን) 36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተሞልቶ ሴንሰሩ 34 ካነበበ፣ ማሽኑ ሕፃኑ በርዶታል ብሎ ሙቀቱን ይጨምራል። አየሩ ሲሞቅ ንባቡ ወደ 36.5 ሊመለስ ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ሕፃኑ ግን ከልክ በላይ እየሞቀ ነው። ሕፃኑ ሴንሰሩ ላይ ሲተኛ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ንባቡ ከፍ ስለሚል ማሽኑ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ሕፃኑም ይበርደዋል። ስለዚህ ሴንሰሩ አጥንት በሌለበት፣ ለምሳሌ ሆድ ላይ በጉበት አካባቢ ይለጠፋል፤ ጨረር በሚያሞቅ ማሽን ሥር ከሆነ አንጸባራቂ ሽፋን ይደረግበታል። ሕፃኑ በተገላበጠ ቁጥር ቦታው ይታያል፣ በብብት ቴርሞሜትርም ንባቡ ይመሳከራል።