ማሪዮ ፑዞና የእናቱ ድምፅ

ማሪዮ ፑዞ አሜሪካዊ የልብ ወለድና የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ «ጎድፋዘር» የተባለውን ታሪኩን ያውቃል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1920 ኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሄልስ ኪችን ይባላል። የሲኦል ማድ ቤት እንደማለት ነው። ወላጆቹ ከደቡብ ጣሊያን የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ማሪዮ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባት አእምሮው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ሁሉ ያሳደገችው እናቱ ማሪያ ናት። ማሪዮ ደራሲ እሆናለሁ ሲል እናቱ አልጣማትም። የእሷ ትልቁ ምኞት የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ እንዲቀጠርላት ነበር። ጸሐፊ መሆኑስ አልቀረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ጀርመን ደረሰ፤ ጀርመናዊትም አገባ። ተመልሶ በኒው ስኩልና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ዘ ዳርክ አሬና» በ1955 ወጣ። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ የሐሞት ከረጢቱ ክፉኛ አመመው። በታክሲ ሆስፒታል በር ድረስ ደረሰና ሲወርድ መንገድ ዳር ወደቀ። መጽሐፍ ያሳተምኩ ሰው እንደ ውሻ ልሞት ነው፣ ብሎ እንዳሰበ በኋላ ጽፏል። ሀብታም ለመሆን የቆረጠው ያኔ ነው። ግን ገና ብዙ ዓመት ቀረው።

ሁለተኛው መጽሐፉ «ዘ ፎርቹኔት ፒልግሪም» በ1965 ታተመ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጣሊያናዊት እናት ናት። እናቱን ነው የጻፋት። ተቺዎች አሞገሱት፤ እሱም እስከ መጨረሻው ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስበልጠው ይሄንኑ ነው። እኔም እስማማለሁ። ገበያው ግን ምንም። ሁለቱ መጻሕፍት ተደምረው 6,500 ዶላር ብቻ አስገኙለት።

ፑዞ አምስት ልጆች ነበሩት፤ ቁማርም ይወድ ነበር። 45 ዓመት ሲሞላው ከዘመድ፣ ከባንክ፣ ከአራጣ አበዳሪና ከአቋማሪ የተበደረው 20,000 ዶላር ደርሶ ነበር። በ«ዘ ፎርቹኔት ፒልግሪም» ውስጥ ማፍያው ትንሽ በዛ ቢል ኖሮ ይሸጥ ነበር የሚል አስተያየት ሰምቷል። እሺ፣ ማፍያ ከፈለጋችሁ ማፍያ! ፑትናም የተባለው አሳታሚ ቤት ሄዶ አንድ ሰዓት ያህል የማፍያ ወሬ አወራላቸው። 5,000 ዶላር ቀብድ ሰጡት።

«ጎድፋዘር» በ1969 ወጣ። ቃሉ እኛ የክርስትና አባት የምንለው ነው። ፑዞ ለወንበዴ አለቃ ሰጠው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ጎድፋዘር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመጽሐፉ አለቃ ዶን ኮርሊዮኔ ነው። መጽሐፉ በኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ላይ 67 ሳምንት ቆየ። በርካሽ ሽፋን የማሳተም መብቱ በ410,000 ዶላር ሲሸጥ ፑዞ ለእናቱ ደወለ። «40,000?» አለችው። የለም፣ 410,000 ነው አላት። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲነግራት በመጨረሻ የመለሰችው አንድ ነገር ነው፦ «ለማንም እንዳትናገር።»

የፊልሙን መብት ግን ቀደም ብሎ፣ መጽሐፉ ሳያልቅ፣ በትንሽ ገንዘብ ፓራማውንት ለተባለው የፊልም ስቱዲዮ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። የፊልሙን ድርሰት ከዳይሬክተሩ ከፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጋር ጻፈው። ዶኑን እንዲጫወት ለተዋናዩ ለማርሎን ብራንዶ ደብዳቤ የጻፈውም ፑዞ ነው፤ ስቱዲዮው ብራንዶን አልፈለገም ነበር። በ1972 የወጣው ፊልምና በ1974 የወጣው ክፍል ሁለት ለሁለቱም ጸሐፊዎች በድርሰት ኦስካር አስገኙ። ፑዞ ሲያወራ፣ ከሁለቱ ኦስካሮች በኋላ የፊልም አጻጻፍ በወጉ ልማር ብሎ መጽሐፍ ገዛ። የመጀመሪያው ምዕራፍ «ጎድፋዘርን አጥና» ይል ነበር። መጽሐፉን ወረወረው።

ከዚያ በኋላ ለ«ሱፐርማን» ፊልም ጻፈ፤ ሌሎች ደግሞ አሻሻሉት። «ፉልስ ዳይ»፣ «ዘ ሲሲሊያን» እና «ዘ ላስት ዶን» የተባሉ ልብ ወለዶችም አወጣ። ተሸጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ያህል ግን አይመዝኑም። «ጎድፋዘር»ም ቢሆን እንደ መጽሐፍ እዚህም እዚያም የላላ ነው። ራሱ ፑዞ፣ እንዲህ እንደሚነበብ ባውቅ ኖሮ አሳምሬ እጽፈው ነበር የሚል ቁጭት ነበረው።

ብዙ ሰው ማፍያዎችን በቅርብ ያውቃል ብሎ ያምን ነበር። እሱ ግን ሁሉንም ከንባብ እንዳገኘው፣ መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት አንድም እውነተኛ የወንበዴ አለቃ እንዳላገኘ ተናግሯል። «ዘ ፎርቹኔት ፒልግሪም» በ1990ዎቹ እንደገና ሲታተም በመቅድሙ ላይ ምስጢሩን አወጣው። ዶኑ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሰማው የነበረው የእናቱ ድምፅ ነው።

ፑዞ ጁላይ 2 ቀን 1999 ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ቤቱ በልብ ድካም ሞተ። ራሱ ጽፎ የጨረሰው የመጨረሻ ልብ ወለዱ በማግስቱ ዓመት ታተመ። ርዕሱ «ኦሜርታ» ነው፤ ሲሲሊዎች ምስጢር አለማውጣትን የሚጠሩበት ቃል።